ስለ ቢራቢሮና ስለ ሌሎች ነፍሳት ፎቶግራፍ፤ በሐዲያና በከምባታ ከተሞች ከታዩ ሥዕሎች የተነሣ ሒስ

ቢራቢሮ በአበባ ላይ ተቀምጣ የሚያሳይ ፎቶግራፍ በሰው ፊት ሲቀርብ አንድ ዐይነት ፍርድ ብቻ ይሰማል፤ ይኸውም «እንዴት ታምራለች!» የሚለው ነው። ፍርዱ ስሕተት ነው አንልም። ዳሩ ግን ከዚህ በኋላ ሌላ ቃል የሚጨምር ሰው እምብዛም ስለማይገኝ የነፍሳት ፎቶግራፍ በመካከላችን ያለ ሒስ ያደገ ሥራ ሆኗል። ልብ ወለድ የጻፈ ይተቻል፤ ቅኔ የዘረፈም ይተቻል፤ የአባጨጓሬን ፊት እንደ በሬ ፊት አጉልቶ ያነሣ ግን ይመሰገናል እንጂ «ምን አሳየኸን?» ተብሎ አይጠየቅም። በዚህ ጽሑፍ ልንጠይቅ የፈለግነው ይህንኑ ነው።

የምንናገርባቸው ሥዕሎች በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በአንጋጫና በሺንሺቾ ያየናቸው ናቸው። ከፊሎቹ በባልንጀሮቻችን የእጅ ስልክ ውስጥ የተቀመጡ፣ ከፊሎቹ በፎቶግራፍ ቤትና በሻይ ቤት ግድግዳ የተሰቀሉ፣ ሌሎቹም ለገበሬ ማስተማሪያ የታተሙ ናቸው። አገሩ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ ወደ ምዕራብ የወረደ ሰው ወደ ኦሞ ሸለቆ፣ ወደ ምሥራቅ የወረደ ደግሞ ወደ ብላቴ ወንዝና ወደ ቦዮ ረግረግ ይደርሳል፤ ከዱራሜ በላይም የሐምበሪቾ ተራራ አለ። እንግዲህ በአጭር መንገድ ውስጥ የደጋውንም የዝቅተኛውንም አገር ነፍሳት ማየት ይቻላል። በመስከረም አደይ አበባ ሲፈነዳ፣ በበጋውም ግራዋ ሲያብብ ካሜራ የያዘ ሰው ሥራ አያጣም።

በመጀመሪያ ስለ መሣሪያው ጥቂት እንበል። ነፍሳት ከቅርብ ሲነሣ ከፊቱና ከኋላው ያለው ሁሉ እንደ ጭጋግ ይደበዝዛል። ብዙ ሰው ይህን ጭጋግ የአንሺው ጥበብ አድርጎ ይቈጥረዋል፤ ነገሩ ግን የብርሃን ሕግ ነው። በተለመደው የ35 ሚሊ ሜትር ካሜራ ነፍሳቱ በፊልሙ ላይ በራሱ ልክ እንዲያርፍ ተደርጎ ሲነሣ፣ የብርሃን ማስገቢያው ቀዳዳ በ8 ቍጥር ላይ ቢሆን፣ ጥርት ብሎ የሚታየው የቦታ ውፍረት 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ቀዳዳው ጠብቦ 16 ቍጥር ላይ ቢደርስ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ከዚያ አብልጦ ቢጠብ ደግሞ ብርሃኑ በቀዳዳው ጠርዝ እየተበተነ ሥዕሉን በሙሉ ያደክመዋል። ስለዚህ አንሺው በእያንዳንዱ ሥዕል አንዲት ሚሊ ሜትር ብቻ የመምረጥ መብት አለው ማለት ነው። ሒሳችንም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው፤ ያችን ሚሊ ሜትር ለምን አዋላት? ካየናቸው ሥዕሎች የሚበዙት ለዐይን ሰጥተዋታል። ከዐይን በኋላ ያለው ክንፍ፣ እግር፣ የቆመበት ቅጠል ሁሉ ጠፍቷል። የሰው ፊት ሲነሣ «ዐይኑ ጥርት ይበል» የሚለው ልማድ ወደ ነፍሳት ተሻግሮ የመጣ ይመስለናል፤ ቢራቢሮ ግን በዐይኗ አትታወቅም።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆን አንድ ሥዕል በሆሳዕና አይተናል። ብርቱካንማ ቡናማ ክንፍ ያላት፣ የፊት ክንፏ ጫፍ ጥቁር ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ቢራቢሮ ናት። ከሥሯ «ዳናውስ ክሪሲፐስ» ተብሎ የላቲን ስም ተጽፏል። ይህች ቢራቢሮ በአፍሪካ በሰፊው የታወቀች ናት። እጯ እንደ ጦቢያ ያሉ፣ ሲቈረጡ ነጭ ወተት የሚያፈሱ ዕፀዋትን ስለሚበላ መርዛቸው በሥጋዋ ይከማቻል፤ አንድ ጊዜ የቀመሳት ወፍም ሁለተኛ መንካት አይወድም። ነገር ግን ሂፖሊምናስ ሚሲፐስ የምትባል ሌላ ቢራቢሮ አለች፤ መርዝ የላትም፤ እንስቲቱ ግን የመርዘኛይቱን ልብስ ለብሳ ትኖራለች። ወንዱ ጥቁር ሆኖ ዙሪያቸው ሐምራዊ የሆነ ነጭ ክብ ምልክቶች ስላሉት ከእንስቲቱ ጋር አንድ ዘር ነው ብሎ የሚገምት አይኖርም።

መርዘኛይቱን ከመሳይዋ የሚለየው የኋላ ክንፍ ነው። የዳናውስ የኋላ ክንፍ መካከሉ ላይ ሦስት ጥቁር ነጥቦች (በወንዱ ላይ አራት) ሲኖሩት፣ የሂፖሊምናስ ግን ከላይኛው ጠርዝ አጠገብ አንድ ብቻ አለው። በምንናገርለት ሥዕል ላይ የኋላው ክንፍ ጭጋግ ሆኗል። ስለዚህ ከሥሩ የተጻፈው ስም እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሐሰትም ሊሆን ይችላል፤ ሥዕሉ ግን ለሁለቱም አይመሰክርም። ወፍን የሚያታልለው ልብስ አንሺውንም አታልሎት እንደ ሆነ ለማወቅ መንገድ የለንም። አንድ ርምጃ ወደ ጎን ሄዶ የካሜራውን ፊት ከክንፉ ጋር ትይዩ አድርጎት ቢሆን ኖሮ ክንፉ በሙሉ በዚያች አንዲት ሚሊ ሜትር ውስጥ በገባ ነበር። ይህ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም፤ ከማንሣቱ በፊት «ይህችን ቢራቢሮ በምን አውቃታለሁ?» ብሎ መጠየቅን ብቻ ይፈልጋል።

ስለ ባለ ጅራቷ ቢራቢሮም እንዲሁ ነው። ፓፒሊዮ ዳርዳኑስ የተባለው ዝርያ በአብዛኛው አፍሪካ ወንዱ ባለ ጅራት ሲሆን፣ እንስቶቹ ጅራት ሳይኖራቸው ልዩ ልዩ መርዘኛ ቢራቢሮዎችን መስለው ይኖራሉ። በኢትዮጵያ ደጋ የሚገኘው ወገን ግን አብዛኛዎቹ እንስቶች ወንዱን የሚመስሉ፣ ሌላ የሚመስሉትም ቢሆኑ ጅራታቸውን ያልጣሉ ስለ ሆነ፣ ስለ መመሳሰል የሚመራመሩ ሊቃውንት ሁሉ የሚጠቅሱት ምሳሌ ሆኗል። ስሙም በ1882 እ.ኤ.አ. በሸዋ ለሞተው ለጣሊያናዊው ተጓዥ ለኦራዚዮ አንቲኖሪ መታሰቢያ የተሰጠ ነው። እንግዲህ የአገራችን ቢራቢሮ ክብር ያለው በጅራቷ ነው። በዱራሜ በአንድ ሻይ ቤት የተሰቀለው የባለ ጅራት ቢራቢሮ ሥዕል ግን፣ አበባው በማዕቀፉ መካከል ይዋል ተብሎ፣ ጅራቷን ከነጫፉ ቈርጦታል።

የእሳት እራት የሚለው ስም ያሳዝነናል፤ ቋንቋችን ይህን ፍጥረት ያወቀው በሚሞትበት ሰዓት ነው ማለት ነውና። ፎቶግራፍ አንሺዎችም ከመብራት ሥር ከወደቀው በቀር አይፈልጉትም። በጀርባው ላይ የሰው ራስ ቅል የሚመስል ምልክት ያለው ትልቁ የእሳት እራት፣ አኬሮንቲያ አትሮፖስ፣ ሁልጊዜ ከላይ ይነሣል፤ ቅሉ የሚታየው ከላይ ነውና። ነገር ግን ይህ ነፍሳት እጭ ሳለ የድንች ቅጠል የሚበላ፣ ካደገም በኋላ ሌሊት ወደ ንብ ቀፎ ገብቶ ማር የሚሰርቅ ነው። ሌብነቱን የሚያስረዳው አጭርና ወፍራም የሆነው፣ የማር እንጀራውን ሰም ለመብሳት የሚችለው መምጠጫው ነው፤ እሱም ከጎን ካልሆነ አይታይም። ቀፎ የሰቀለ ሰው ስለ ራስ ቅሉ ምን ገዶት?

እስካሁን የተናገርነው የዕውቀት ጉድለት ነው፤ በእርሱ ምክንያት የተራበ ሰው የለም። አሁን የምናነሣው ግን የእህል ጉዳይ ነው።

በ2016 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በምዕራብ አፍሪካ የታየው መጤው የአሜሪካ ተምች በ2009 ዓ.ም. የካቲት ገደማ ወደ ኢትዮጵያ ገባ፤ መጀመሪያ የታየውም በደቡብ ምዕራብ በሸካ ነው። ከዚያም በጥቂት ወራት ውስጥ በቆሎ በሚበቅልበት አገር በሰፊው ተሠራጨ። ገበሬው «ተምች» የሚለውን ስም ያውቀዋል፤ ነገር ግን አባቶቹ የሚያውቁት ተምች ሌላ ነው። የቀድሞው ጥቁር ሆኖ በመንጋ የሚጓዝ፣ ሣሩንና ጤፉን በግልጽ ሜዳ ላይ እያጨደ የሚሄድ፣ መጥቶም የሚያልፍ ነው። መጤው ግን ገና ባልተዘረጉት የበቆሎው የመካከል ቅጠሎች ውስጥ ተደብቆ የሚኖር ነው፤ ከመጣም ወዲህ አላለፈም። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ራሱ ግማሹ ጉዳት ነበር፤ ስሙ ያጠፋውን ለማቅናት የቀረው መንገድ ሥዕል ነው።

ሥዕሉ ታትሟል፤ በአንድ የገበሬዎች ማሠልጠኛ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አይተነዋል። ያደገ እጭ ከላይና ከፊት ይታያል፤ በግንባሩ ላይ እንደ ተገለበጠ የላቲን ዋይ ፊደል ያለ ነጭ መስመር፣ ከጅራቱ አጠገብም በአራት ማዕዘን የተቀመጡ አራት ጥቁር ነጥቦች አሉት። እንደ ሥዕል ስንመዝነው በዚህ ጽሑፍ ከተጠቀሱት ሁሉ የሚበልጥ ነው። አንሺው አንዲቷን ሚሊ ሜትር ለጌጥ አላዋላትም፤ ለመታወቂያው ምልክት ሰጥቷታል። ብርሃኑ ከጎን ስለ መጣ ነጥቦቹ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ለውበት ሲል የደበቀው ነገር የለም። ይሁን እንጂ ከሁሉ የሚከብደው ስሕተት ያለው በዚሁ ባመሰገንነው ሥዕል ውስጥ ነው።

እንዴት እንደ ሆነ እናስረዳ። እናቲቱ እንቁላሏን በቅጠል ላይ በክምር ትጥላለች፤ በአንድ ክምር ከ100 እስከ 200 የሚሆን እንቁላል ይገኛል፤ በላዩም ከሰውነቷ የረገፈ ጠጕር መሰል ሽፋን ታለብሰዋለች። በ3 ቀን ገደማ ይፈለፈላል። የተፈለፈለው እጭ ከጤፍ ፍሬ ብዙ የማይበልጥ፣ ራሱ ጥቁር፣ አካሉ ፈዛዛ ነው፤ ዋይ ፊደሉም አራቱ ነጥቦችም ገና በዐይን የሚለዩ አይደሉም። በዚህ ጊዜ ምልክቱ ያለው በቅጠሉ ላይ ነው። የቅጠሉን አንድ ፊት ፍቆ የሌላውን ፊት ስስ ቆዳ ስለሚተው፣ ቅጠሉ እንደ መስኮት ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ ጠባሳ ያወጣል። እጩ ስድስት የዕድገት ደረጃዎች አሉት፤ 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ሆኖ በሥዕሉ ላይ የምናየውን መልክ ሲይዝ የመጨረሻው ላይ ደርሷል። ያን ጊዜ በቅጠሎቹ መካከል በጥልቅ ገብቶ፣ በላዩም እንደ መጋዝ ብናኝ ያለ ኩስ ስለሚከምር፣ መድኃኒት ቢረጭ እንኳ በቀላሉ አያገኘውም። መድኃኒትም ሆነ በእጅ መልቀም የሚጠቅመው አስቀድሞ፣ እጩ ትንሽ ሳለ ነው። ስለዚህ ሥዕሉ ገበሬውን የሚያስተምረው ሌባውን ከሰረቀው በኋላ በመልኩ እንዲያውቀው ነው።

ከዚህም በቀር እጩ በግድግዳው ላይ የክንድ ያህል ሆኖ ታትሟል፤ በአጠገቡ ጣት የለ፣ ሳንቲም የለ፣ የበቆሎ ፍሬ የለ። በሥዕሉ ፊት ቆመን ስንነጋገር አንድ አዛውንት ገበሬ ቀርበው ካዩ በኋላ፣ «ልጆቼ፣ ይህ የእኔን በቆሎ ከበላው ጋር ዘመድ ይሆናል እንጂ እሱ አይደለም፤ የእኔው ትንሽ ነው» አሉን። እኛም «አባባ፣ ያው ራሱ ነው፤ አድጎ ነው» ብለን መለስን። አዛውንቱም ጥቂት ዝም ብለው፣ «ታዲያ የልጅነቱን ፎቶ ለምን አላነሡትም?» ሲሉ ጠየቁን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ካለው ሒስ ሁሉ የሚሻለው ይህ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

በ2018 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ከፔንሲልቫኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር ኑሩ የተባለ የእጅ ስልክ ፕሮግራም አቅርቦ ነበር። ገበሬው ስልኩን በበቆሎው ፊት ሲይዘው ፕሮግራሙ ጉዳቱን የመጤው ተምች መሆን አለመሆኑን ይናገራል። ልብ ይባልልን፤ መኪናው እንኳ የሚመለከተው የተበላውን ቅጠል ነው። በቅጠል ላይ ያለ ቁስል ይህን ያህል ነገር የሚናገር ከሆነ፣ ወደ ፀሐይ ተይዞ የተነሣ አንድ ጠባሳ ያለበት የበቆሎ ቅጠል፣ የያዘው እጅ ጭምር እየታየ፣ በየማሠልጠኛው ግድግዳ ሊሰቀል የሚገባው እርሱ ነበር። እንዲህ ያለው ሥዕል ሻይ ቤት እንደማይሰቀል፣ በውድድርም እንደማይሸለም እናውቃለን።

ከመምህሮቻችን አንዱ ይህን ረቂቅ አንብበው፣ «ፎቶግራፍን የእርሻ መምሪያ ልታደርጉት ነውን? ውበት ለራሱ አይበቃም ወይ?» ሲሉ ተቃውመውናል። ተቃውሞው የሚናቅ አይደለም። መልሳችን ግን ውበትና ምስክርነት የሚጣሉ አይመስሉንም የሚል ነው። እንግሊዛዊው ሌቮን ቢስ በ2016 እ.ኤ.አ. በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ያሳያቸው የነፍሳት ሥዕሎች እያንዳንዳቸው ከ8 ሺህ ያህል ፎቶግራፎች ተቀናብረው የተሠሩ ናቸው። በየጊዜው አንዲት ቀጭን ንጣፍ ብቻ ጥርት እያለች ተነሥታ፣ በኋላ ሁሉም ስለ ተጋጠሙ፣ ከጢንዚዛዋ አካል የደበዘዘ ነገር የለም። ያያቸው ሰው የሚደነቀውም ምንም ስላልተደበቀበት ነው። በዚያ ላይ ነፍሳቱ የሞቱ፣ ከሙዚየሙ ስብስብ የተወሰዱ መሆናቸው ለተመልካች በግልጽ ተነግሯል።

ይህን የምናነሣው ሌላ ልማድ ስላለ ነው። ነፍሳቱ እንዳይበሩ በማቀዝቀዣ ካቈዩ በኋላ በአበባ ላይ አስቀምጠው «በተፈጥሮ ላይ የተነሣ» የሚሉ አንሺዎች በየአገሩ አሉ። የኛ አገር ደጋ ለዚህ ማታለል ሰበብ አይሰጥም። ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል በሆሳዕና ዳርቻ ሣር ላይ የወጣ ሰው ቢራቢሮዎችን ክንፋቸውን ገጥመው፣ ጤዛ ለብሰው፣ በብርድ ደንዝዘው ያገኛቸዋል፤ ፀሐይ እስኪያሞቃቸው ድረስ ለመብረር አይችሉም። ክንፋቸው ስለ ተገጠመም የሥሩ ምልክት፣ ብዙውን ጊዜ ለመለየት የሚረዳው፣ ያለ ድካም ይታያል። የሚያስፈልገው ከእንቅልፍ መነሣት ብቻ ነው። (በዚህ በኩል እኛም ነቀፌታ አናጣም።)

በመጨረሻ አንድ ያልተነሣ ሥዕል አለ። በሐዲያና በከምባታ የቤቱ ዙሪያ እንሰት ነው፤ ሰዉም የሚኖረው በእንሰት ነው። ነገር ግን ካየናቸው ሥዕሎች ሁሉ በእንሰት ላይ የሚኖር ነፍሳት የሚያሳይ አንድ እንኳ አላገኘንም። በደቡብ ኢትዮጵያ የእንሰት ማሳ የእንሰትን ሥርና አምቾ የሚመጥ፣ ነጭ ሰም የለበሰ ትንሽ ነፍሳት አለ፤ የሳይንስ ስሙን ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከመሬት በታች ስለሚኖር ከላይ የሚታየው ቅጠሉ ሲገረጣና ተክሉ ሲቀጭጭ ብቻ ነው። እርሱን ለማንሣት አፈሩን መቈፈር፣ በጭቃ መንበርከክ፣ ጕንዳኖቹንም መቻል ያስፈልጋል፤ ጕንዳን ከርሱ ጣፋጭ ፈሳሽ ስለምታገኝ አትለየውምና። ክንፍ የለውም፤ ቀለም የለውም፤ አበባ ላይ አይቀመጥም። ካሜራችን ጭቃ ፈርቷል።

ካየናቸው ውስጥ የመረጥነው ሥዕል በእጅ ስልክ የተነሣ ነው። አንሺዋ የሆሳዕና ተማሪ ስትሆን ስሟን እንዳንጠቅስ ለምናናለች። በግቢ ውስጥ ባለ የሎሚ ዛፍ ቅጠል ላይ የወፍ ኩስ የሚመስል ነገር ይታያል፤ ቡናማና ነጭ፣ እርጥብ የመሰለ። በእርግጥ ግን የሎሚ ቢራቢሮ፣ የፓፒሊዮ ዴሞዶኩስ፣ ትንሽ እጭ ነው፤ ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል፤ እስኪያድግ ግን ወፍ እንዳይበላው የወፍ ኩስ መስሎ ይቀመጣል። የቅጠሉ ጠርዝ ተበልቷል። ከጎኑ የአንድ ብር ሳንቲም ተቀምጧል። ጥርት ያለው የእጩ ጐንና የሳንቲሙ ግማሽ ነው፤ ጅራቱ በኩል ትንሽ ደብዝዟል፤ ብርሃኑም ከሚገባው በላይ ነጭ ነው። ከሥሩ በእጅ ጽሑፍ «ሆሳዕና፤ ከሎሚ ቅጠል ላይ፤ ጥቅምት 9፣ ጧት 1 ሰዓት፤ እናቴ ዛፉን ልታጥበው ስትል የተነሣ» ተብሏል።